የ«እርጥብ ክብሪቶች» ሽማግሌዎች

ባለፈው ሳምንት ሩሀማን የተለየናት ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር ባለው አፓርታማ ሊፍት ውስጥ፣ እንግዶቿን ልትቀበል ወደ ምድር ቤት ስትወርድ ነበር። ታሪኩን ዛሬ ለሚጀምር ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሩሀማ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ዳንፎርዝ ላይ ባለ የጆሮ ክሊኒክ የሰውን የመስማት ችሎታ ትለካለች፤ ማታ ማታ ከአባቷ ከአቶ ባልቻ ጋር ትጸልያለች። አቶ ባልቻ ሚስታቸውን ከቀበሩ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ከሩሀማ በቀር በቤት ውስጥ ማንም የላቸውም።

ዑራኤል ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ያደገ ሐበሻ ነው። «ዌት ማቸስ» ማለትም እርጥብ ክብሪቶች በሚባል ባንድ ውስጥ ማንዶሊን የምትባል ትንሽ የክር መሣሪያ ይጫወታል። ባንዱ የእንግሊዞችን የጥንት ባህላዊ ዜማ በፓንክ ሮክ ፍጥነት እየነዳ አገር ለአገር የሚዞር ነው። ባለፈው ዓመት ለሾው ቶሮንቶ ሲመጡ የጆሮ መከላከያው ጠፍቶበት ወደ ሩሀማ ክሊኒክ ገባ። ልኩን ለመውሰድ ጆሮው ውስጥ የሞላችው ለስላሳ ሙጫ እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ምንም አይሰማም ነበር። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች እሷ ሳትናገር አየችው፤ እሱም ሳይሰማ አያት። ከዚያ ወዲያ ፍቅራቸው አንድ ዓመት ሙሉ በደብዳቤ ሆነ። ዘንድሮ ባንዱ ሲመለስ ዑራኤል አንድ ነገር ወሰነ፤ በወጉ ሽማግሌ ሊልክ። ችግሩ፣ እናቱ ከሞቱ በኋላ የሚልከው ዘመድ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ያለውን ላከ።

ሊፍቱ ሲከፈት ሦስቱም በሩ ፊት ተደርድረው ቆመዋል። ነጭ ጢም ያለው፣ ሰባ ዓመት የሞላው የአኮርዲዮን ተጫዋች ኖርማን። ከበሮ መቺው ዴዝ፣ ቁመቱ ሊፍቱን የሚፈትን። ግዌን ደግሞ ቫዮሊን ተጫዋቿ፣ ፀጉሯን አረንጓዴ ተቀብታ በላዩ ላይ ለክብር ሲባል ሻሽ ያሰረች።

«ጫማዬን ሁለት ጊዜ ጠርጌዋለሁ» አለ ዴዝ ሳይጠየቅ።

ሩሀማ ፈገግ ልትል ሞከረች። ሦስቱን አስገብታ ዘጠኝ ቁጥርን ተጫነች።

«ዑራኤል እናቱ የነገሩትን ሁሉ አስጠንቶናል» አለች ግዌን። «ሦስት ሆኖ መሄድ፣ መልስ ሳይገኝ አለመቀመጥ፣ መልስ ሳይገኝ አለመቅመስ። ልክ ነን አይደል?»

ልክ ናቸው፤ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ሽማግሌ በመጀመሪያ ተቀመጡ ሲባል እምቢ ይላል፣ ጉዳዩን ተናግሮ ሁለተኛ ሲለመን ግን ይቀመጣል። ሩሀማ ይህን ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ሊፍቱ ዘጠነኛ ፎቅ ደርሶ ተከፈተ። አቶ ባልቻ ከነሙሉ ልብሳቸው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሳትነግራቸው ቀረች።

የምትጠየቅ ልጅ ሳሎን አትቀመጥምና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ጆሮዋን በሩ ላይ አደረገች። ሥራዋ ነው፤ የሰው ልጅ ሊሰማው የሚችለውን የመጨረሻ ትንሽ ድምፅ በቁጥር ታውቀዋለች። የአባቷን ዝምታ ግን የምትለካበት መሣሪያ አልነበራትም።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቷ በመጨረሻ።

«ለመቀመጥ አልመጣንም» አለ ኖርማን፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል እየያዘ፣ በአማርኛ።

«አማርኛ ይችላሉ ለካ!» ይህ አቶ ተክሉ ነው፣ የአባቷ የልብ ጓደኛ፣ ለምስክርነት የተጠራ። «ባልቻ፣ በል በአማርኛ ልታማ ያሰብከውን ዋጥ አድርግ።»

ኖርማን በእንግሊዝኛ ቀጠለ። አባቷ ፒርሰን ኤርፖርት ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተዋልና አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«የወይዘሮ አክሱማዊት ልጅ ነው። ሊድስ ውስጥ አቅም ያጡ ሽማግሌዎችን ሲያጥቡ የኖሩ ሴት ነበሩ። አባቱን እኛም አናውቀውም፤ እሱም አያውቀውም።»

«ይጠጣል?»

«ድሮ ይጠጣ ነበር። እኔም ድሮ እጠጣ ነበር። አሁን መኪናችን ውስጥ የሻይ ማፍያ ነው ያለው። ለፓንክ ባንድ ትልቅ ውርደት ነው።»

አቶ ተክሉ ሳቀ። አባቷ አልሳቁም። «እባካችሁ ተቀመጡ» አሉ ደግመው።

«ለመቀመጥ አልመጣንም» አሉ ሦስቱም ባንድነት።

«ኧረ ባልቻ» አለ አቶ ተክሉ በአማርኛ፣ «የሰውየው ጉልበት እየተንቀጠቀጠ ነው። ወይ ወንበሩን አስይዘው ወይ ልጅቷን ስጥና ገላግለው።»

ከዚያ የኖርማን ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ።

«ሚስቴ የሞተች ጊዜ ዑራኤል ቤቴ መጥቶ አርባ ቀን ተቀመጠ። አንድም ቀን አይዞህ አላለኝም። ሰሃን ያጥባል፣ ውሻዬን ያንሸራሽራል፣ ማታ ማንዶሊኑን ቀስ ብሎ ይነካካል። እኔ ልጅ የለኝም። ልጄን ወክዬ ነው የመጣሁት።»

ሩሀማ የራሷን ደም በጆሮዋ ውስጥ ሰማችው።

«ሰምተናል» አሉ አቶ ባልቻ። «እናስብበታለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

የሦስቱ ጫማ ወደ በሩ ሄደ፤ አቶ ተክሉም አብሯቸው ወጣ። ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ ያሰናዳችው ምግብ እንደተሸፈነ ነበር። አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተው በመስኮቱ ባቡር ጣቢያውን ይመለከታሉ። በመጀመሪያ ጥየቃ ልጁን የሚሰጥ አባት የለም፤ የሰጠ እንደሆነ ‹ልጅቷ ሰልችታው ነው› ይባላል። ይህን ታውቃለች። ደግሞም ጠያቂው እስኪታክተው ተመለሱ፣ ተመለሱ እያለ የሚሸኝ አባት እንዳለ ታውቃለች። አባቷ የትኛው እንደሆኑ ጀርባቸው አልነገራትም። የልጅነት ፍርሃቷ፣ ያ መብራት ሲጠፋ እናቷን የሚያስጠራት፣ ዳግም መጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

* * *

በማግስቱ እሁድ፣ በአማርኛው ቤተ ክርስቲያን አምልኮው ሊያልቅ ሲል አረንጓዴ ፀጉር በበሩ ገባ። አስተናጋጇ ቲጂ፣ የሩሀማ ጓደኛ፣ «እህት እንኳን ደህና መጣሽ» ብላ ግዌንን አቅፋ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ግዌንም በማታውቀው ቋንቋ የተሰበከውን ስብከት እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጠች። ሲያልቅ ሩሀማን ፈልጋ ፖስታ ሰጠቻትና «ይቅርታ» ብላ ፊቷን አዙራ ወጣች።

«አዲስ ነፍስ ለጌታ መጣች ብዬ የፊት ወንበር ሰጠኋት» አለች ቲጂ፣ «ለካ ፖስተኛ ናት። ክፈቺው እስቲ።»

የዑራኤል ፊደል የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ይመስላል፤ ትልልቅ፣ አንዱ ከአንዱ የማይጠጋ። ሩሀማ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አነበበችው።

«ሩሀማዬ፣ ኖርማን ሁሉን ነገረኝ። አባትሽ ደግ ሰው ናቸው አለ። እናስብበታለን አሉን አለ። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። ባደግሁበት አገር ሰው አይሆንም ማለት ሲያፍር እናስብበታለን ይላል። ቤት ስከራይም፣ ሥራ ስጠይቅም እንዲህ ነው የተባልኩት። እናቴ አባት አሳዝኖ የተገኘች ሚስት አትበረክትም ትል ነበር። ስለዚህ አልለምንም። ነገ ጠዋት አውሮፕላን አለን። ዛሬ ሾው ላይ አትምጪ፤ ካየሁሽ ጣቶቼ ይጠፉብኛል። ደብዳቤዎችሽን ግን አልመልስልሽም። እነሱን አትጠይቂኝ።»

ወረቀቱን አጥፋ ለቲጂ አቀበለቻት።

«ኮል አድርጊለት» አለች ቲጂ።

«ከሾው በፊት ስልኩን ያጠፋል። ቢያነሳስ ምን እለዋለሁ?»

«አባቴ እሺ ብለዋል በይው።»

«አላሉም።»

«እምቢስ ብለዋል?»

«አላሉም።»

«ታዲያ ሂጂና ጠይቂያቸዋ።»

«አባቱን ‹ስለ እኔ ምን አሰቡ› ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አለ?»

ቲጂ የባጇን ክር ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «ሠላሳ ስድስት ዓመትሽ ነው ሩሀማ። እኔ ፊት ልጅ አትበይ።»

ሩሀማ ስቃ ሊሆን ይችላል፤ አታስታውሰውም። የምታስታውሰው ፍርሃቱን ነው። እስካልጠየቀች ድረስ አባቷ እምቢ አላሏትም። እስካልጠየቀች ድረስ አሁንም የሁለቱም ናት። አንዲት ጥያቄ ብትናገር ከሁለት አንዳቸውን ልታጣ ትችላለች። ባዶው አዳራሽ ተመልሳ ገባችና አጭር ጸሎት ጸለየች፤ «ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ። ካልሆነም ልቤን ዝጋልኝ።» አሜን ስትል የትኛውን እንደምትፈልግ አላወቀችም።

* * *

ምሳ ላይ ሦስት ጊዜ «አባባ» ብላ ሦስት ጊዜ ውኃ አቀረበችላቸው። በአራተኛው አቶ ባልቻ ጉርሻቸውን መልሰው ሰሃኑ ላይ አኖሩት።

«ምንድን ነው ልጄ? ውኃው በቃኝ።»

«ትናንት… ከሁለት ሳምንት በኋላ ያሉት…» የውኃውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ነገ ጠዋት ይሄዳሉ። እምቢ የተባሉ መስሏቸዋል።»

«ማን እምቢ አለ?»

«ማን እሺ አለ?»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ሰማችው። በሕይወቷ ለአባቷ እንዲህ መልሳ አታውቅም። አቶ ባልቻ ተነሥተው ወደ ማጠቢያው ሄዱ። የቧንቧው ውኃ ብዙ ወረደ፤ እጅ ለመታጠብ ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ።

«ይኼ ሾው የምትሉት ማታ ነው?»

«ከሰዓት በኋላ ነው፤ ልጆችም የሚገቡበት።»

«ተክሉን ኮል አድርጊልኝ።» ፎጣውን አጥፈው ሰቀሉ። «አስብበታለሁ ያልኩት ለወጉ ብቻ አይደለም። ሰው የሚያስበው ያየውን ነው። ልጁን አላየሁት፣ ሥራውን አላየሁት፤ ምኑን ላስበው?»

ሩሀማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። በሐሳቧ ያየችው ግን አባቷ በከረባት፣ ጫማ በሚያንኳኳ፣ ቢራ በሚረጭ ሕዝብ መካከል ቆመው ነው። ‹አይተው ሲጠሉትስ?› አለች በሆዷ። ትናንት እምቢታው የወግ ነበር ቢባል፣ ዛሬ የእውነት ሊሆን ነው።

ከዌስተን ባቡር ተሳፍረው ብሉር ጣቢያ ወረዱ፣ ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር፣ በሰብዌይ፣ ሾው ወዳለበት ወደ ዳንፎርዝ። አቶ ተክሉ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ያንቀላፋል። አቶ ባልቻ መስኮቱን እያዩ ተናገሩ።

«ልጁን የፈራሁት አይምሰልሽ።»

«እሺ አባባ።»

«ትናንት እነዚያ ሰዎች ሲወጡ ሳሎን ብቻዬን ቀረሁ። አንቺ ክፍልሽ ነበርሽ፤ ድምፅሽ አይሰማም። ‹እንግዲህ እንዲህ ነው የሚሆነው› አልኩ።» ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። «የፈራሁት ቤቱን ነው።»

አባቷ ይፈራሉ ብላ አስባ አታውቅም። ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ሲገባ መስታወቱ ላይ የሁለቱ ፊት ጎን ለጎን ታየ፤ አንድ ዓይነት ቅንድብ፣ አንድ ዓይነት ስጋት።

* * *

አዳራሹ ከመድረሳቸው በፊት ወለሉ ደረሰባቸው፤ ከበሮው በጫማቸው በኩል ወደ ጉልበታቸው ይወጣ ነበር። ሩሀማ ለአባቷና ለአቶ ተክሉ የጆሮ መከላከያ በገዛ እጇ ገጠመችላቸው። የኋላ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ።

ስለ ባንዱ በደብዳቤ ብዙ አንብባለች፤ ፊት ለፊት ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነው። ግዌን ቀስቷን ስትስብ የቀስቱ ጭራ እየተበጠሰ በአየር ይንሳፈፋል። ዴዝ ቆሞ ይመታል። የኖርማን አኮርዲዮን እንደ አንጥረኛ ወናፍ ያለ ዕረፍት ይተነፍሳል። ቃሉ ሁሉ ሐዘን ነው፤ ስለ ተዘጋ የከሰል ጉድጓድ፣ ስለ ሰጠመ ጀልባ፣ ከቤቷ ስለ ተባረረች መበለት። ዜማው ግን ይዘላል። ሕዝቡ ያንን ሐዘን ተቀብሎ እየዘለለ፣ እያጨበጨበ መልሶ ይጮኸዋል። ሸበቶ ወንዶች አሉ፣ የሥራ ልብሷን ያላወለቀች ነርስ አለች፣ ትልልቅ የጆሮ መሸፈኛ ያደረገች ሕፃን በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ጡጫዋን ታወዛውዛለች።

መሐል ላይ ክብ ሠርተው እየተጋፉ ከሚጨፍሩት አንዱ ተንሸራቶ ወደቀ። ሩሀማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ይረጋገጣል ብላ። ስትገልጥ ጭፈራው ቆሞ ስድስት ያህል እጅ ሰውየውን አንሥቶ፣ መነጽሩን ፈልጎ፣ አቧራውን እያራገፈለት ነበር። ከዚያ ቀጠሉ።

«አየሽ?» አሉ አቶ ባልቻ ጆሮዋ ላይ። «የወደቀውን አነሡት።»

ትንሽ ቆይተው ወደ ጓደኛቸው ዘወር አሉ። «ተክሉ፣ እግርህን።»

«የእኔ እግር አይደለም» አለ አቶ ተክሉ ወደ ፊት እያየ። «ወለሉ ነው።»

በዚህ መካከል ዑራኤል ቀና አለ።

አጭር ሰው ነው፣ ማንዶሊኑን ደረቱ ላይ ከፍ አድርጎ የሚይዝ። ከራሱ በላይ ያለው መብራት ግድግዳውን ሲያካልል ሩሀማ ላይ አረፈ፤ እሱም አያት። ጣቶቹ እንደጻፈው ጠፉበት። ዜማው አንድ እግሩን እንዳጣ ወንበር ዘመም አለ፤ ግዌን በቫዮሊኗ ደገፈችው። ዑራኤል ፊቱን ወደ ከበሮው አዞረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ዘፈኖች ጀርባውን ብቻ ነው ያየችው። አትምጪ ብሏት መጣች። ምናልባት አሁን አስጠልታው ይሆናል። የመጨረሻው ዜማ ሲያልቅ ከሁሉ ቀድሞ ከመድረኩ የጠፋው እሱ ነው።

ሕዝቡ ድገሙ እያለ ይጮሃል። ሩሀማ እግሯን ‹ተነሣ› አለችው፤ አልታዘዛትም። እስከ መድረኩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ከዌስተን እስከዚህ ከመጣችበት መንገድ ይልቅ ረዘመባት።

አቶ ባልቻ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

በእኛ ወግ የሴት ወገን ወደ ወንድ ወገን አይሄድም። ይጠበቃል፣ ይለመናል፤ ቀድሞ የሄደ ልጁን አረከሰ ይባላል። አቶ ባልቻ ይህን ወግ ትናንት አንዲት ሳያጎድሉ ጠብቀውታል። አሁን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ይቅርታ፣ ኤክስኪዩዝ ሚ» እያሉ በላብ በራሰው ሕዝብ መካከል ሄዱ። ሕዝቡም ከረባቱን እያየ ከፈለላቸው። ሩሀማ በተከፈተው መንገድ ከኋላቸው ተጎተተች።

ኖርማን የመድረኩ ጠርዝ ላይ ጉልበቱን እያሸ ነበር። ሲያያቸው ሊነሣ ታገለ።

«ሁለት ሳምንቱ አልቋል» አሉት አቶ ባልቻ በእንግሊዝኛ።

«ትናንት እኮ ነው ያሉን» አለ ኖርማን ግራ ተጋብቶ።

«አስቤ ጨረስኩ።» እጃቸውን ትከሻው ላይ አድርገው መልሰው አስቀመጡት፤ እሳቸውም ከነሙሉ ልብሳቸው አጠገቡ ጠርዙ ላይ ቁጭ አሉ። «በእኛ ዘንድ እናስብበታለን ማለት ሰውየው ዋጋ አለው፣ ነገሩም ዋጋ አለው ማለት ነው። እንደማታውቁት አላሰብኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጅህን ጥራው።»

ዴዝ ነው በመጋረጃው በኩል የጮኸው።

ዑራኤል ወጣ። ፊቱ ተጠርጎ ያላለቀ ፊት ነበር። አቶ ባልቻን ሲያይ ከመድረኩ ዘሎ ወርዶ፣ እናቱ እንዳስተማሩት፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ያዙት።

«የት ልትኖሩ ነው?» አሉት።

«አልጠየቅኳትም፣ አባባ። ፈርቼ።»

«እሷም ትፈራለች። እኔም እፈራለሁ።» ጥቂት አሰቡ። «ደግ ነው፤ እኩል ነን።»

ዑራኤል ወደ ሩሀማ ዞረ። በሁለቱ መካከል አንድ ክንድ የሚሆን ወለል ነበረ፤ አባቷ ስላሉ ማንም አልተሻገረውም። «ደብዳቤዎቼን አልጠይቅህም» አለችው። የምታወራው ሌላ ሺህ ነገር ነበራት፤ የወጣላት ይኸው ነው። እሱ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ተያይተው አያውቁም፤ ሁለቱም እየሰሙ።

ሕዝቡ አልበተንም ብሏልና ባንዱ ተመለሰ። ዑራኤል ማንዶሊኑን ሲያነሣ ዓይኑ ከሩሀማ ስላልተነቀለ መግቢያውን ሙሉ በሙሉ ሳተው። ግድ አልነበረም፤ አዳራሹ ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል፣ አንሥቶ ያዘለት። ሩሀማ ከአባቷ ጎን መድረኩ ሥር ቆማ ነበር። ነገ ጠዋት የሚነሣው አውሮፕላን አለ፣ የማታውቀው ከተማ አለ፣ ባዶ የሚቀረው ሳሎንም አለ።

አቶ ባልቻ ከአንድ ጆሮአቸው መከላከያውን አወጡ።

«ምን እያሉ ነው?»

አጎንብሳ ሰማች፤ መስመሩ እስኪደገም ጠበቀች። «‹መንገድ ቢያዘገየኝም እመጣለሁ፣ በሩን አትቆልፉ› ነው የሚሉት፣ አባባ።»

አቶ ባልቻ አንድ አዝማች ሙሉ አዳመጡ። አምስት መቶ ሰው በሩን አትቆልፉ እያለ ይጮኻል፣ ወለሉን ይመታል።

«አልቆልፍም በያቸው» አሉ።

ሩሀማ ልትላቸው አፏን ከፈተች። የአባቷን እጅጌ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እንዲያ አፏን እንደከፈተች፣ እንባዋ ወደ ውስጥ እየገባ ቆመች።